ሦስት ጊዜ ብላኛለች

እትዬ ፋናዬ ምግብ ቤት ውስጥ ጠብ ሲነሳ ፖሊስ አይጠራም። ናይሮቢ ላይ ለስደተኛ ፖሊስ መጥራት ሌላ ጠብ መጥራት ነው። እሷ ከወጥ ቤት ብቅ ትልና በዚያች ቀጭን ድምጿ «በሕግ አምላክ!» ትላለች። በቃ፣ ያበቃል።

ያን ሰሞን እንኳ የሞያሌ መስመር ሾፌሩ ወርቁና መለዋወጫ ነጋዴው ኑሬ በካርታ ጨዋታ ተጣሉ። ወርቁ የቢራ ጠርሙስ አንስቶ ኑሬ አናት ላይ ሊያሳርፍ ሲል ድምጿ መጣ። ሁለቱም ባሉበት ቀጥ አሉ። የወርቁ እጅ ከነጠርሙሱ አየር ላይ ቀረ፤ ቢራው በክንዱ አድርጎ ብብቱ ውስጥ ሲገባ ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። ኬንያዊቷ አስተናጋጃችን ዋምቡይ ትሪዋን አስቀምጣ በሳቅ ፈረሰች። የእትዬ ፋናዬ ልጅ ኪሩቤል ደግሞ ከእሷ ባሰ።

«ማሚ ሪሞት ኮንትሮል አላት!» አለ። «ፖዝ ስትላቸው ይቆማሉ!»

ኪሩቤል ሃያ ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ይማራል፣ ሁለተኛ ዓመት። ከአዲስ አበባ የወጣው በዘጠኝ ዓመቱ ስለሆነ አማርኛውን የሚያውቀው ከእናቱና ከደንበኞቻችን ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ የሶፍት ወረቀት ካገኘ ቤት ይስልበታል፤ ደረጃው፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ልክ ነው። ሳቁ ሲበርድለት እኔ ወዳለሁበት መጣ።

«ሲሪየስሊ መኴ፣ ባይቆሙስ? ምን ይሆናሉ?»

መጠየቅ የሌለበትን ሰው ነው የጠየቀው። አባቴ አጥቢያ ዳኛ ነበር። በእኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራ ሌባውም ይቆማል፣ ደም የተቃባውም ይቆማል። የጠራው ሰው «በል ወደ ዳኛ እንሂድ» እስኪለው ድረስም እግሩን አያነሳም። የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው፣ የሚጠላሉ ሰዎች ጎን ለጎን የሁለት ሰዓት መንገድ ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ያልቆመ ሰው ምን እንደሚባልም አባቴ ነግሮኛል።

«ሰው አይባሉም» አልኩትና ብርጭቆ ላጥብ ሄድኩ።

ከመታጠቢያው በላይ ግድግዳው ላይ የሐብተማርያም ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የእትዬ ፋናዬ የበኩር ልጅ ነው። በሰባ ሰባት ዓ.ም. ስኳር እንዲያመጣላት ቀበሌ ሱቅ ልካው በአፈሳ ተያዘና ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከማሰልጠኛ ይህችን ፎቶ ላከ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እሷም ታናሹን ሳይወስዱባት በፊት ኪሩቤልን ይዛ ድንበር ተሻገረች። ፎቶው ላይ ሐብቴ መለዮውን ዘንበል አድርጎ ፈገግ ብሏል፤ በቀኝ እጁ አጠር ያለ ጥቁር ዱላ ይዟል።

«የማዕረግ በትር ነው» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። «ገና በስድስት ወሩ አለቃ አደረጉት።»

እኔ ያ ዱላ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ከሥሩ ብርጭቆ ሳጥብ አንድም ቀን ትንፍሽ አላልኩም። እኔንም «እንደ ሐብቴ የታፈስክ ልጅ ነህ» ብላ ነው ሥራ የሰጠችኝ፣ ከጓሮ ያለችውን ክፍልም የለቀቀችልኝ። የት ግንባር ነበርክ ስትለኝ «ሰሜን» እላታለሁ። ውሸቴን ነው፤ ግንባር የሚባል ነገር በዓይኔ አላየሁም።

ሰኔ ሠላሳ ሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. ሰኞ ዋለ። ለእኛ የሐዋርያት ጾም ነው፤ ለኬንያውያን ግን ሳባ ሳባ፣ የሰባተኛው ወር ሰባተኛ ቀን። ከምርጫው በፊት ሕጉ ይለወጥ የሚሉ ሰዎች ሰልፍ ጠርተዋል፣ መንግሥት ደግሞ ከልክሏል። ጠዋት ኪሩቤል በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሸራ ጫማውን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ ሲቋጥር አየሁት። ሰው ለትምህርት እንደዚያ ጫማ አያስርም። አየሁና ዝም አልኩ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ከከተማው በኩል ተኩስ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ፋናዬ እጇ በርበሬ እንደነካ ከወጥ ቤት ወጣች።

«ዩኒቨርሲቲው ዝግ ነው አለችኝ ዋምቡይ። ኪሩ የት ነው የሄደው?»

«ሰልፉ ጋ ይመስለኛል።»

«ይመስልሃል? እየመሰለህ ነው እዚህ ቆመህ ድንች የምትልጠው?» ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «መኴ፣ አንዱን ወስደውብኛል። ይኼን ሙሉውን አምጣልኝ። ገባህ? ሙሉውን።»

«ሙሉውን አመጣልሻለሁ እትዬ» አልኩ። አፍ ምን ቸገረው።

ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች ሥራ አቁመው ስለነበር ምግብ ቤታችን ካለበት ከኪሊማኒ እስከ ከተማው በእግሬ ሮጥኩት። መሀል ከተማ ስቃረብ አስለቃሽ ጭሱ ተቀበለኝ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ፖሊሶቹ መንገዱን ዘግተው ቆመጣቸውን በጋሻቸው ላይ እኩል ይመታሉ፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ሳላዘው እግሬ ምቱን ያዘ። ስምንት ዓመት አልፎኝ፣ የሰው አገር መንገድ ላይ፣ እግሬ ግራ ቀኝ ይላል። በራሴ እግር አፈርኩ።

እኔን ከአውቶቡስ አውርደው ነው የወሰዱኝ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ለማትሪክ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ግንባር ልሞት ነው ብዬ ሳለቅስ፣ ስሟን የማልጠራት አንዲት ከተማ ውስጥ አስቀርተው አድማ በታኝ አደረጉኝ። ጋሻ፣ የብረት ቆብ፣ ቆመጥ። «ከጉልበት ጀምር» ይለን ነበር አሥር አለቃችን። «ከዚያ ክርን። ከዚያ የአንገት አጥንት። ጭንቅላት መጨረሻ ነው።» ከኋላችን እየተመላለሰ የላላውን በራሱ ቆመጥ ይቀጠቅጠዋል። ፊት ለፊታችን የሚመጡት ተማሪዎች ናቸው፣ የእኛው እኩዮች፤ አንዳንዱ ያችኑ እኔ የጀመርኳትን የማትሪክ መልመጃ ይዟል።

ኪሩቤልን ያገኘሁት ሱቆቹ ሁሉ መዝጊያቸውን ባወረዱበት አንድ መንገድ ላይ ነው። ድንጋይ ይዟል፤ ዓይኑ በጭሱ ቀልቷል። ከጎኑ አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን ሊያነሳ ጎንበስ ባለበት ፖሊስ ደርሶ ማጅራቱን ሲለው፣ አፉ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ዐረፈ። ቀና ሲል የፊት ጥርሶቹ አልነበሩም። በቆሎ የምትጠብስ ሴት ስትገፋ በእጇ ፍሙ ላይ ወደቀች፤ የእሷ ጩኸት ከሁሉም ጩኸት ተለይቶ ይሰማ ነበር። ሴትዮዋን የሚያነሳት አልነበረም፤ እኔም አላነሳኋትም።

«መኴ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«እናትህ ልካኝ ነው። ጣል ያን ድንጋይ፣ እንሂድ።»

«ጓደኞቼን ትቼ?»

«ጓደኞችህ አገራቸው ነው። አንተ ያለኸው በስደተኛ ወረቀት ነው፤ ቢይዙህ ማን ይጠይቅልሃል?»

«የእኔ አገር የቱ ነው ታዲያ? ያ ሐብቴን የበላው?»

አናደደኝ። ኮሌታውን ይዤ መጎተት ስጀምር የጭሱ ጣሳ እግራችን ሥር ወድቆ እንደ ማድጋ ፈነዳ። ሁሉም ተበተነ። እየሳልን፣ እየተደናበርን በሁለት ሱቆች መሀል ወዳለች ጠባብ መተላለፊያ ገባን። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎችም ተከትለውን ገቡ። የመተላለፊያዋ መጨረሻ ግንብ ነበር።

አንድ ፖሊስ ብቻውን ተከትሎን ገባ። ከጓዶቹ መለየቱን ያወቀ አልመሰለኝም። ደርሶ ኪሩቤልን ወገቡ ላይ አንድ ጊዜ ሲመታው ልጁ በጉልበቱ ተንበረከከ። ያኔ ሰውነቴ እኔን ሳያማክር ሥራውን ጀመረ። የጋሻውን ጠርዝ ይዤ ወደ ታች ጠመዘዝኩት፤ በየትኛው በኩል ቢጠመዘዝ ክንድ እንደሚቆለፍ ተምሬዋለሁ። ወደቀ። ቆቡ ተንከባለለ። ቆመጡ እጄ ገባ።

ቆቡ ሲወልቅ ልጅ ነው። ጆሮው ትልልቅ፣ ጢሙ ያላበቀለ፤ ከሩቅ ገጠር የመጣ መሆኑ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «ካካ» አለኝ በስዋሂሊ፣ «ወንድሜ» ማለቱ ነው። «ካካ፣ ካካ።» ከኋላዬ ያሉት ሰዎች «ኡዋ! ኡዋ!» ይላሉ፤ ግደለው ነው።

ጉልበቱን መታሁት። እንደ ገና ጉልበቱን። ሊከላከል ሲያነሳው ክርኑን፤ ክንዱ አለቦታው ታጠፈ። የአንገት አጥንቱን ስመታ ሲሰበር በቆመጡ በኩል እጄ ድረስ ተሰማኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ስለ ጥርስ አልባው ሊስትሮ አልነበረም፣ ስለ ኪሩቤልም አልነበረም። ለአንድ ጊዜ እንኳ ከኋላዬ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ለራሴ እየመታሁ ነበር። አሁን የቀረው ጭንቅላቱ ነው። ቆመጡን በሁለት እጄ አነሳሁ።

«በሕግ አምላክ!»

ኪሩቤል ነው። ተንበርክኮ፣ ግንቡን ተደግፎ፣ ወገቡን ይዞ። «መኴ፣ በሕግ አምላክ!»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ልክ እንደ ወርቁ። ቆመጥ ይዤ ይህን ቃል ስሰማ ይህ ሁለተኛዬ ነበር፤ ስለ መጀመሪያው ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ፖሊሱ በአንድ እጁ እየዳኸ ከእግሬ ሥር ወጣ፣ እየተንፏቀቀ ወደ መንገዱ ሄደ። ሰዎቹ ሊከተሉት ሲሉ በመተላለፊያዋ አፍ ላይ የጋሻ ድምፅ ተሰማ። ጓዶቹ አዩት። ሰዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየወጡ በግንቡ ዘለሉ።

አሁን ሞኝነቴን ስሙልኝ። እኔ አልሮጥኩም።

«ሩጥ!» ይለኛል ኪሩቤል፤ ወገቡን ይዞ ግንቡ ላይ አንድ እግሩን ሰቅሏል። «መኴ፣ ምን ሆነሃል? ሩጥ እንጂ!»

እግሬ ከመሬቱ አልላቀቅ አለኝ። ፈርቼ አይደለም። ቆሜ የምጠብቀው «በል ወደ ዳኛ» የምትለዋን ነበር። እዚያ ናይሮቢ፣ ጭስ ውስጥ፣ የመንግሥት ቆመጥ በእጄ ይዤ፣ ቁም ያለኝ ሰው እስኪለቀኝ እጠብቃለሁ! ኪሩቤል የሚያውቀው ማስቆሚያውን ብቻ ነው፤ መልቀቂያውን ማንም አላስተማረውም። እኔ ራሴ ሲጠይቀኝ ብርጭቆ ላጥብ የሄድኩ ሰው ነኝ።

ከግንቡ ወረደ። ተመልሶ መጣና እጅጌዬን ይዞ ይጎትተኝ ጀመር፣ እያለቀሰ፣ በእንግሊዝኛ እየተሳደበ። ፖሊሶቹ ሲደርሱብን አንድ እርምጃ እንኳ አልተራመድንም። የመጀመሪያው ቆመጡን አናቴ ላይ ሲያነሳ አየሁት፤ የኪሩቤል ቀኝ እጅም በላዬ ሲዘረጋ አየሁ። ጣቶቹ ተዘርግተው ነበር። ድምፁ የደረቀ ጭራሮ ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም። ቆመጡን ከእጄ ነጠቁኝ፤ በእሱም መቱኝ። በቡት ጎኔን ሲሉኝ ኪሩቤል ላይ ተጋድሜ ነበር፤ ግን ዘግይቼ ነው። ሌላ ቦታ ጩኸት ሲነሳ ትተውን ሮጡ። አንድ ባለ ሱቅ መዝጊያውን በትንሹ ከፍ አድርጎ ጎትቶ አስገባን። አመሻሽ ላይ ታክሲ ፈልጎ ኪሊማኒ ወዳለ ክሊኒክ ላከን፤ ለእትዬ ፋናዬም ከዚያ ተደወለላት።

ሁለት የጎን አጥንት ተሰብሮብኛል፣ ቅንድቤ ተሰፍቷል። ይኼ ምንም አይደለም። የኪሩቤል ቀኝ እጅ በጄሶ ታሽጓል፤ ሐኪሙ ሦስቱ ጣቶች ዳግመኛ መታጠፋቸውን እንደሚጠራጠር በዝቅተኛ ድምፅ ነገረኝ። በእነዚያ ጣቶች ነው ደረጃና መስኮት የሚስለው። ሙሉውን አምጣልኝ ተብዬ ነበር።

ኪሩቤል በማደንዘዣው መሀል ዓይኑን ገለጠ።

«ሠራ እኮ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሪሞቱ። ቆምክ።» ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ አብጧል። «ግን ለምን አልሮጥክም? ጠርቼህ፣ ጠርቼህ… ለምን?»

መዋሸት እችል ነበር። ስምንት ዓመት ለምጄዋለሁ። ግን ያን የታሸገ እጅ እያዩ መዋሸት አልሆንልህ አለኝ።

«ከዚህ በፊት አንዴ ተብዬ አልቆምኩም» አልኩት። «አገር ቤት። ግንባር አልነበርኩም ኪሩ፤ ዛሬ እንዳየሃቸው ዓይነት ነበርኩ። አንዲት ተማሪ አጥር ሥር ተይዛ ቀረች። ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። ጉልበቷን ስመታት በሕግ አምላክ አለች፤ እጄ ትንሽ ዘገየ። አሥር አለቃው ጀርባዬን ሲለኝ ክርኗን መታሁ። እንደ ገና አለች፤ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ አማርኛ እንደምሰማ እያወቀች። ከዚያ…»

«ስንት ጊዜ አለችህ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ኪሩቤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያኔ ነው በሩ ላይ እትዬ ፋናዬን ያየኋት። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ የጫማዋ አቧራ ከምግብ ቤቱ በእግሯ እንደመጣች ይናገራል። ከየት ጀምራ እንደሰማች አላውቅም፤ ግን ሰምታለች። ትጮህብኛለች፣ ክፍሌን ልቀቅ ትለኛለች፣ በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ያንን በጸጋ እቀበለው ነበር።

አልፋኝ ሄዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የታሸገውን እጅ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ስመጣ ፖሊሶቹን መንገዱ ላይ ቆመው አየኋቸው» አለች፣ እኔን ሳታይ። «ልጆች ናቸው። እጃቸው ላይ የያዙትን አየሁት።»

አንገቷን ነቀነቀች።

«የማዕረግ በትር አይደለም።»

«አይደለም እትዬ።»

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

የጄሶውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ትደባብሰዋለች፣ ሻካራውን ልታለሰልስ የፈለገች ይመስል። በርበሬው አሁንም ጥፍሯ ሥር አለ። አራት ዓመት ሙሉ «የት ጥለውት ይሆን፣ ማን ገድሎት ይሆን» ስትል ነው የማውቃት። ይህን ጥያቄ ግን ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም።

«የእኔን ልጅስ» አለች፣ «ሐብቴንስ ስንት ጊዜ ብለውት ይሆን?»

በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ሂድም ተቀመጥም አላለችኝም።